ዳገት የሚወጣው ማርሽ ነው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2007 ጎንሳሎ ብራቮ እና ኤድዋርዶ ካናሌስ የተባሉ ሁለት ቺሊያውያን አንዲት አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ እየነዱ ኦሆስ ዴል ሳላዶ በተባለው እሳተ ገሞራ ላይ 6,688 ሜትር ከፍታ ደረሱ። ተራራው በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ላይ ይገኛል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የቆመ ሰው እዚያ ለመድረስ ገና ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይቀረዋል። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ የጂፕ ቡድን 6,646 ሜትር ወጥቶ፣ እዚህ ማቆም የሚፈቀደው ለጂፕ ብቻ እንደሆነና ሌላው ቢሞክርም እንደማይደርስ የሚያሾፍ ሰሌዳ ተክሎ ወርዶ ነበር። ሱዙኪዋ በ42 ሜትር በለጠችው።

ክብረ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ተሰብሯል፤ መጀመሪያ በኡኒሞግ የጭነት መኪና፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ተግባር ተብሎ በተዘጋጀ ፖርሽ። ሁለቱም ከኋላቸው ገንዘብና መሐንዲስ ነበራቸው። የሳሙራይዋ ነገር የሚገርመው የተደረገላት ለውጥ መጠነኛ መሆኑ ነው። ሞተሯ በስስ አየር ውስጥ እንዳይታፈን አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር ተገጥሞላታል፤ ከሥርም ጎማና ባሌስትራዋ ተነካክቷል። የቀረውን ሥራ የሠራው ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነገር ነው፤ አንድ ቶን የማይሞላ ክብደት፣ አጭር አካልና ከባድ ማርሽ።

በአዲስ አበባ ጋራዦች አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ትንንሽ መኪኖች የሚያሠሩ ወጣቶችን ስከታተል ሰንብቻለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጀምሩት ከጎማና ከከፍታ ነው። የእኔ ድምዳሜ፣ ከዚህ በታች በዝርዝር እንደማሳየው፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል የሚል ነው።

ይህች መኪና ሱዙኪ የፈጠራት አይደለችም። ሆፕ የተባለ አነስተኛ የጃፓን ኩባንያ ኦኤን360 የምትባል አራቱም ጎማዎቿ የሚሠሩ መኪና በ1960ዎቹ ማብቂያ ሠርቶ ልትሸጥለት አልቻለችም። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1968 የማምረት መብቱን ገዛ። ግዢውን የገፋው ኦሳሙ ሱዙኪ ነበር፤ የባለቤቶቹ ቤተሰብ አማች፣ በኋላም ኩባንያውን ለአሠርት ዓመታት የመራውና በ2024 መጨረሻ ያረፈው ሰው። የመጀመሪያዋ ጂምኒ ኤልጄ10 በ1970 ገበያ ወጣች። 359 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፤ ክብደቷ ከ600 ኪሎ በታች።

ይህ ሁሉ ትንሽነት የመጣው ከግብር ነው። የጃፓን ሕግ ከሦስት ሜትር ላልረዘመችና ሞተሯ ከ360 ሲሲ ላልበለጠ መኪና ቀረጥም ኢንሹራንስም ያቀልላት ነበር። መሐንዲሶቹ ከሦስት ሜትሩ ላለማለፍ ስኮርታ ጎማውን ከውጭ ማንጠልጠሉን ትተው ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ውስጥ አስገቡት፤ ስለዚህ መኪናዋ ሦስት ሰው ብቻ የምትጭን ሆነች። ነገር ግን ከሥር ሲታይ የከባድ መኪና አሠራር አልጎደለባትም። ለብቻው የቆመ የመሰላል ሻንሲ፣ ፊትም ኋላም ድፍን አክስል፣ አራት ባሌስትራ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍል፣ ሁለት ደረጃ ያለው ትራንስፈር። የቤት መኪና አሳድገው የገጠር መኪና ያደረጓት ሳትሆን የጭነት መኪና አሳንሰው የሠሯት ናት፤ ዛሬም ድረስ መካኒክ የሚወዳት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘር ረጅም ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1977 ባለ 797 ሲሲዋ ኤልጄ80፣ በ1982 ኤስጄ410፣ በ1984 ባለ 1.3 ሊትሯ ኤስጄ413 መጡ። የመጨረሻዋ ናት በአሜሪካ ሳሙራይ ተብላ የታወቀችው። በሕንድ ማሩቲ ጂፕሲ ሆና ከ1985 እስከ 2018 ተመርታለች፤ የአገሪቱ ጦር ዋና ደንበኛዋ ነበር። በፓኪስታን ፖቶሃር፣ በስፔን ሊናሬስ ከተማ በሳንታና ፋብሪካ ደግሞ ሳሙራይ ሆና ተገጣጥማለች። ስሟ ቢለያይም መለዋወጫዋ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ይህ ደግሞ ዛሬ መለዋወጫ ለሚያፈላልግ ሰው ከማንኛውም ውበት ይበልጣል።

ቄራ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ አንዲት ነጭ ኤስጄ413 ክሪክ ላይ ወጥታለች። ባለቤቷ ሠላሳ ያልሞላው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ወጥታ በሁለት ሰው እጅ ካለፈች በኋላ ገዛት። የመጣው ከፍ ሊያስደርጋት ነው። ስልኩ ላይ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ሳሙራዮች ፎቶ ሞልቷል፤ ሁሉም በትልልቅ ጎማ ቋጥኝ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

መካኒኩ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ፎቶዎቹን በትዕግሥት አይተው ስልኩን መለሱለት።

«መሪው ይንቀጠቀጣል አላልከኝም?»

«አዎ ጋሼ፤ ስልሳ ላይ ስደርስ። ባላንስ አስደርጌ ነበር፤ አልተወውም።»

«የባላንስ ነገር አይደለም። ና እስቲ ያዝ።»

ልጁ የተንጠለጠለውን የፊት ጎማ አንድ እጁን ከላይ፣ አንድ እጁን ከታች አድርጎ ያዘና ገፋ፣ ሳበ። ከውስጥ የታፈነ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎማው ወለቀ፤ ከዚያ ፍሬኑ፤ ከዚያ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት፣ ውስጡ እንደ ኳስ የሆነው ብረት ተከፈተ። እዚያ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግራሶ ነው። የወጣው ግን ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ነበር፤ የአክስሉ የውስጥ ጎሚኒ ስላለቀ የዲፈረንሻሉ ዘይት አልፎ ግራሶውን አቅጥኖታል። ከላይና ከታች የተቀመጡትን ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች አወጡና አንዱን በጨርቅ ጠርገው ለልጁ አቀበሉት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይያዛል። የሚቀመጥበት ቀለበት ውስጡ ልሙጥ መሆን ሲገባው ዙሪያውን በእኩል ርቀት ጭረት ይዟል። ኩሽኔታው ለዓመታት ሳይዞር አንድ ቦታ ሲመታ ኖሮ ራሱን ብረቱ ላይ አትሟል።

«ይቺን ሳትቀይር ሠላሳ አንድ ኢንች ጎማ ብትገጥም» አሉ ጋሼ፣ «መሪው ከእጅህ ይወጣል።»

እውነታቸውን ነው። ድፍን የፊት አክስል ያላቸው መኪኖች ሁሉ የሚፈሩት መንቀጥቀጥ አለ፤ አንድ ጉድጓድ ሲመታ ይጀምርና መኪናዋ እስክትቆም ድረስ አይተውም። በሱዙኪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ መነሻው እነዚህ ርካሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። ከባድ ጎማ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። አሮጌ መኪና ገዝቶ ወዲያው ለውጥ የሚጀምር ሰው ያለፉት ባለቤቶች ባስቀመጡት እዳ ላይ አዲስ ጭነት እየጨመረ ነው።

ያን ቀን ልጁ ከፍታውን ትቶ በምትኩ የሚከተለውን አሠራ፤ የፊት ኩሽኔታና ጎሚኒ በሙሉ፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ ትራንስፈሩ የሚንጠለጠልባቸው ሦስት ላስቲኮች። የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታም ተፈተሸ፤ እዚያ ላይ ብረቱ መሰንጠቅ ይወዳል። ሲወጣ ፊቱ ላይ ደስታ አይነበብም ነበር። ለዓይን የሚታይ ነገር ሳያገኝ ገንዘቡ ማለቁ ነው።

አሁን ወደ ማርሹ እንምጣ።

ሳሙራይ በአንደኛ ማርሽ፣ በፎር ሎው (በትራንስፈሩ ዝቅተኛ ደረጃ) ስትሆን ካምቢዮው 3.65፣ ትራንስፈሩ 2.27፣ ዲፈረንሻሉ 3.73 ጊዜ ይቀንሳሉ። ሦስቱ ሲባዙ 31 ገደማ ይሆናል። ሞተሩ 31 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ በዚያው ልክ የማዞር ጉልበቱ 31 ጊዜ ይበዛል። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ በፋብሪካ ጎማዋ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ከትንሽ ትሄዳለች። ዘና ብሎ የሚሄድ ሰው ቀድሟት ያልፋል።

አሁን 31 ኢንች ጎማ ይገጠምላት። የጎማው ዙሪያ ከፋብሪካው በ18 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ጉልበቱ ግን በዚያው መጠን ይወርዳል፤ የማርሹ ሂሳብ ከ31 ወደ 26 እንደ መውረድ ነው። ገንዘብ ከፍሎ መኪናን ማድከም ማለት ነው። ፍሬኑም ትልቁን ጎማ ለማቆም ያንኑ ያህል ይቸገራል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ራሱ አየር ስቦ የሚሠራ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይጥላል፤ አየሩ ስስ ነውና። ስለዚህ መጽሐፏ ላይ ከ60 በላይ የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ሳሙራይ መስቀል አደባባይ ላይ ሃምሳ እንኳ አትሞላም፤ የመንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ሲሶው ጠፍቷል። ካርቡራተሯ ለባሕር ጠረፍ አየር እንደተስተካከለ ከቆየ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይ አፍንጫዋ ሽቅብ ሲቀና ቤንዚኑ ይጎርፍና ትታፈናለች። አውሮፓ ወይም ጃፓን ውስጥ የተጻፈ ምክር እንዳለ እዚህ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መፍትሔው ሞተር መቀየር ነው የሚሉ አሉ። የሱዙኪ ቪታራን 1.6 ሞተር ሳሙራይ ላይ መግጠም በመላው ዓለም የታወቀ ሥራ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ብዙ አይጣሉም። እኔ አልቃወምም፤ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እዚህ አገር ግን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነውና ሞተር የቀየረ ሰው ወረቀቱን ሳያስተካክል ለቦሎ ሲቀርብ ምን እንደሚገጥመው ያውቀዋል።

ርካሹና ጠቃሚው ሥራ ትራንስፈሩ ላይ ነው። በሳሙራይ ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ጋር አልተጣበቀም፤ መሃል ላይ ለብቻው ተንጠልጥሎ በአጭር ዘንግ ይገናኛል። መካኒክ ካምቢዮውን ሳይነካ ያወርደዋል። ከኤስጄ410 የተፈታ ትራንስፈር 2.51 ስለሚቀንስ 11 በመቶ ያህል ጉልበት ይጨምራል፤ ይህ የሶማሌ ተራ መፍትሔ ነው፤ ማግኘት ከተቻለ። ከዚያ የሚበልጠው በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚሸጡት የማርሽ ስብስቦች ናቸው። ከተለመዱት አንዱ ዝቅተኛውን ማርሽ ከ2.27 ወደ 4.16 ያወርደዋል። ሂሳቡ ከ31 ወደ 57 ይዘልላል። 31 ኢንች ጎማ ተገጥሞም ቢሆን በሚኒሞ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ፍሪሲዮን ሳይቃጠል፣ ድንጋዩን በጎማ ሳይቧጭሩ። የትኛውም የሞተር ለውጥ በዚያ ዋጋ ጉልበቱን ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው አይችልም።

ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ወደ እጥፍ የተጠጋው ጉልበት የሚያልፈው በነዚያው ቀጫጭን የአክስል ዘንጎች ነው። ጎማ በሁለት ቋጥኝ መሃል ተጣብቆ እያለ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ሰብሮ ይገላገላል። ከባድ ማርሽ ትዕግሥት ያለው እግር ይፈልጋል። የፍጥነት ፍቅር ያለበት ሰው ይህን ገንዘብ ለሌላ ነገር ያውለው።

ከፍታን በተመለከተ አንድ የቆየ ክርክር መጥቀስ ግድ ነው። በአሜሪካ ሳሙራይ በ1985 መጨረሻ ገበያ ገብታ ወዲያው ተወደደች፤ ዋጋዋ ርካሽ፣ መልኳ የጨዋታ ነበር። በ1988 ግን ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት መሰናክል ለማምለጥ መሪ በድንገት ሲጠመዘዝ ትገለበጣለች ብሎ «ተቀባይነት የላትም» የሚል ደረጃ ሰጣት። ሽያጯ ወደቀ። ሱዙኪ ፈተናው የተሠራው ሆን ተብሎ እንድትገለበጥ ነው ብሎ በ1996 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2004 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለጠበቆች ልተወው። ጠባብ፣ አጭርና ከፍ ያለ መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ከሰፊው ይልቅ ለመገልበጥ መቅረቡ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይፈልግም።

ስለዚህ አክስሉን ከባሌስትራው በላይ ከነበረበት አውርዶ ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ ማሰር፣ መኪናዋን በአንዴ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያነሣው ያ ታዋቂ ርካሽ ዘዴ፣ የሚያስፈራኝ ነው። የመሪው ዘንግ ይጣመማል፣ የፍሬን ቱቦ ያጥራል፣ የኋላው ዘንግ ማዕዘኑ ይበላሻል። እነዚህን ሁሉ አስተካክሎ የሠራ አለ፤ ብየዳውን ጨርሶ የተቀረውን «በኋላ» ያለም አለ። በኋላ የተባለው ሲዘገይ አይቻለሁ። ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ፣ በትንሹ በሚሰፋ ቸርኬና መጠነኛ ጎማ ብዙ ቦታ መድረስ ይቻላል።

ጎማ ላይ ብር ሳይወጣ የሚገኝ ጥቅምም አለ፤ ነፋሱን መቀነስ። መንገድ ላይ 26 ፒኤስአይ የሚይዝ ጎማ እስከ 15 ድረስ ሲተነፍስ መሬት የሚነካው ክፍል ወደ ርዝመቱ ይዘረጋል፣ ድንጋዩን ያቅፈዋል፣ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ቀላል መኪና ከዚያም በታች መውረድ ትችላለች፤ ላንድክሩዘር ያን ያህል ቢተነፍስ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። የሚያስፈልገው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ የቅርቡ ጎሚስታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላልና።

በመስከረም መጀመሪያ በበቾ ሜዳ ጭቃ ሊፈትኑ ከወጡ ሦስት መኪኖች ጋር ነበርኩ፤ ነጯ ሳሙራይ፣ አንዲት የመጀመሪያ ትውልድ ቪታራ፣ አንድ ላንድክሩዘር። በቾ የመረሬ አገር ነው። ይህ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። ሸክላው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። ገበሬው ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራ የሚዘራበት ነው። ለጎማ ግን መረሬ ከጭቃም የከፋ ጭቃ ነው። የጎማውን ጥርስ በአንድ ዙር ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዱት ልሙጥ ኳስ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቆመው ላንድክሩዘሩ ነው። ሁለት ቶን ከምናምን ክብደቱን ይዞ እስከ አክስሉ ወረደ። ሳሙራይዋ አልፋው ሄደች፤ ሾፌሩም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሲያውለበልብ ነበር። ሃምሳ ሜትር ያህል ሄዳ ቆመች። ያቆማት መስመጥ አይደለም፤ መረሬው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቃተው። ከፍ ያለና ትልቅ ጎማ የገጠመ ሁሉ ይህን ይማራል፤ ጎማው ሲያድግ ጭቃው የሚወጣበት ክፍተት ይጠባል። ልጁ ወርዶ በእንጨት እየፋቀ ሲያወጣ በአጠገቡ በሬዎቻቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ አዛውንት ቆመው አዩት።

«ምን ፍለጋ ነው ከመንገድ የወጣችሁት?» አሉ።

«ለመሞከር ነው አባባ።»

«ይሁና። ለመሞከር ከሆነማ ፀሐይ ሁለት ቀን ትምታው።» ብለው ሳቁ።

ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሙራይዋን አራት ሰው ከኋላ ገፍቶ አወጣት። ላንድክሩዘሩ ግን ጣውላ፣ ገመድ፣ ትራክተርና ድርድር አስፈለገው፤ የወጣው ሲመሽ ነው። ትንሽ መኪና አትያዝም የሚል ሰው ካለ ገና ከመንገድ ወጥቶ አያውቅም። ስትያዝ ግን ነፃ ለማውጣት የሰው ትከሻ ይበቃታል፤ ከጥቂት ጓደኞች ጋር ለሚወጣ ሰው ይህ ከየትኛውም የፈረስ ጉልበት ይልቃል።

ልቤ የማይቀበለውን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በተዘራ ማሳ ውስጥ የሚነዱ አሉ። መንገዱ ጭቃ ሲሆን ጎን ለጎን ጤፉ ላይ ይወጣሉ። የእኛዎቹ አላደረጉትም፤ ሌሎች ያደረጉት ምልክት ግን ማሳው ላይ ነበር። ሁለት የጎማ መስመር ለነጂው ምንም አይደለም፤ ለገበሬው የተወሰነ ኩንታል ነው።

በክብደት ላይ የሚወጣው ገንዘብም ያው ሞኝነት ነው። ብረት ፓራውልት፣ ፖርቶ መጋላ፣ ጣሪያ ላይ ሁለተኛ ስኮርታ፣ በመብራት የተሞላ ግንባር። ቦሌ መንገድ ላይ እስከ ጣሪያዋ የሚደርስ የአየር መሳቢያ ቧንቧ የተገጠመላት ቪታራ አይቻለሁ፤ ምናልባት የቦሌን የክረምት ጎርፍ አስባ ይሆናል። አንድ ቶን በማይሞላ መኪና ላይ 150 ኪሎ መጨመር የመኪናዋን ዋና ሀብት መጣል ነው፤ ከጣሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ ያ የ1988ቱ ክርክር እንደገና ይጀመራል።

ቪታራን ካነሣሁ አይቀር፤ ከ1988 ጀምሮ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ቪታራ ለከተማ ሰው የተሻለች ምርጫ ናት። ሻንሲ አላት፣ ፎር ሎው አላት፣ ሞላዋ ስለሚለሰልስ የቤተሰብ ወገብ አይጎዳም። ድክመቷ ፊት ለፊት ነው። የፊት ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከፍ ስትደረግ የዘንጎቿ መገጣጠሚያ ማዕዘን ይበዛና ቶሎ ይበላል። የፊት ዲፈረንሻሏ ቤት አሉሚኒየም ነው፤ በጭካኔ ከተነዳ ይሰነጠቃል። እንደ ተሠራች ትነዳ፤ ጎማዋ ብቻ ይቀየር።

ላዳ ሲባል እኛ ዘንድ ታክሲ ነው የሚታሰበው፤ ኒቫ የዚያች ታክሲ የገጠር እህት ናት። በ1977 በቶሊያቲ ከተማ መመረት ስትጀምር 1.6 ሊትር ሞተሯ ከዚያው ከላዳ መኪኖች የተወሰደ ነበር። ከሱዙኪ በተቃራኒ አራቱም ጎማዎቿ ሁልጊዜ ይሠራሉ፤ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ማንሻ አላት። በፓሪስ ዳካር ውድድር በ1982 እና በ1983 ሁለተኛ ወጥታለች። ከላዳ ጋር ዕድሜውን የጨረሰ መካኒክ በሞላበት ከተማ ኒቫ ያለው ሰው መካኒክ አይቸገርም፤ መኪናዋን ማግኘቱ ነው እንጂ።

ማግኘት ዛሬ ዋናው ጥያቄ ሆኗል። «ርካሽ አሮጌ መኪና» የሚለው ሐረግ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በሌላው ዓለም ሳሙራይ ሲሰበር ሌላ ይገዛል፤ እዚህ ያለችው ያለችው ናት። ሻንሲዋን የቆረጠ ሰው የማይተካ ነገር ቆርጧል። በዚያ ላይ አውሮፓ ውስጥ እነዚህን መኪኖች የጨረሰው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ የእኛዎቹ ይህ ስላልደረሰባቸው ብዙዎቹ ከዝገት የዳነ ሻንሲ አላቸው። ይህን ሳስብ ብየዳ ለሚያበዙ ሰዎች የምሰጠው ምክር ቁጡ ይሆንብኛል።

ልጁ ያዘዘው 4.16 ማርሽ ከወራት በኋላ ደረሰ፤ ከቨርጂንያ በመጣች እህቱ ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ። ጋሼ ትራንስፈሩን አውርደው ጠረጴዛ ላይ ፈቱት፤ እያንዳንዱን ማርሽ ከድሮው ጎን አስቀምጠው ጥርሱን ቆጠሩ፣ ሺሙን ለኩ፣ ኩሽኔታውን በሙሉ አዲስ አደረጉ። ማታ ላይ ገጥመው ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ኮረኮንች ዳገት አስወጡት። ልጁ እግሩን ከነዳጅም ከፍሪሲዮንም አንሥቶ ተቀመጠ፤ መኪናዋ እየተንኳኳች ወጣች፤ የጋራዡ ተለማማጅ ከጎኗ እየሄደ ከሾፌሩ ጋር ያወራ ነበር።

ልጁ ሲወርድ ዓይኑ በርቷል።

«ጋሼ፣ አሁን የቀረኝ ዊንች ነው።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ቢሆን ነው።»

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ የኋላ በሩን ከፈቱ። ውስጡ ድንኳን፣ ትልቅ የመሣሪያ ሣጥን፣ ሁለት ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃና የታጠፈ ጠረጴዛ ነበር።

«መጀመሪያ ከዚህ ሠላሳ ኪሎ አውርድ» አሉት፤ «ከዚያ የኋላ ፍሬንህን እንይ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ና።»